ውሃ ያቆረ ማሳ ላይ ማሽላ ለምን ይጠማል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ቆቦ ቆላው ላይ ነው። ማሽላችን ጉልበት ላይ ሲደርስ እድገቱን ያቆምና ቢጫ ይሆናል። ዩሪያ ጨመርንለት፣ ለውጥ የለም። ዝናብ ሲጥል ማሳው ውሃ ያቁራል፤ ዝናቡ አንድ ሳምንት ሲጠፋ ደግሞ ቅጠሉ ይጠቀለላል። እርከኑን ተጠግቶ ያለው መስመር ብቻ ደህና ነው። ካቻምና ከጎረቤት ጋር ተዳብለን በዲስክ ትራክተር አሳርሰን ነበር፣ የዚያን ዓመት ጥሩ ያዘልን። አሁን አባቴ ‹በጥልቅ የሚያርሰውን ትራክተር እንከራይ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ› ብሎኝ ነው።»

መልስ፦ እንደምን ከረሙ አባቴ። ብዕሩን የያዘው ልጅዎ ቢሆንም ጥያቄው የእርስዎ ነውና መልሱንም ለእርስዎ ልበል።

እናንተን ያሳሰባችሁ ቢጫው ቅጠል ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን እግረ መንገዳችሁን ጣል ባደረጋችሁት ላይ ነው። ዛሬ ውሃ ያቆረ ማሳ በሳምንቱ ማሽላ ካስጠማ፣ ውሃው ወደ ታች አልወረደም ማለት ነው። ሥሩም አልወረደም። እርከኑ ጋ ያለው መስመር የተሻለው ታጥቦ የወረደው አፈር እዚያ ለስላሳ ሆኖ ስለሚከማች ነው፤ በሬውም ጎማውም እስከዚያ ድረስ ብዙ አይጠጋም። በዲስክ ያሳረሳችሁበት ዓመት ብቻ ጥሩ መያዙ ደግሞ ነገሩን ጨረሰው። በሽታ ቢሆን በዲስክ አይድንም። የማሽላን ሥር የሚጠባው አረም፣ አቀንጭራ፣ ቢሆን ሐምራዊ አበባው ከልጅዎ ዓይን አያመልጥም ነበር።

ስለዚህ ግምቴ አንድ ነው። ከማረሻው ጫፍ በታች ያለው አፈር ታምቆ እንደ ምጣድ ጠንክሯል።

በእኛ ማረሻ የሚታረስ መሬት ጥልቀቱ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ነው። በየዓመቱም ያው ነው። ከላይ ያለው ይፈረፈራል፣ ከታች ያለውን የማረሻው ጫፍና የበሬው ኮቴ ይጠቀጥቁታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ፣ ይፍቀዱልኝ። ዝናብ ጠብ ካለ በማግስቱ ጭቃ ውስጥ በሬ የሚጠምድ ሰው በየቦታው አያለሁ። «ርጥበቱ ሳያመልጠኝ» ይላል። ገምሶ፣ አይሞ፣ እንደገና ያርሳል፤ ሁሉንም በጭቃ። እርጥብ አፈር አይፈረፈርም፣ ይለጠፋል። ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ነው። ደጋግሞ ማረስ ጉብዝና ነው ብለን ስላደግን ለመተው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን በጭቃ አራት ጊዜ ከማረስ በልኩ አፈር ሁለት ጊዜ ማረስ ይሻላል።

የእኔን ግምት ዝም ብለው አይመኑ፣ ይፈትኑት። 8 ሚሊሜትር ፌሮ አንድ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ ጫፉን አሹሉት። ደህና ዝናብ ከጣለ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ፣ አፈሩ እስከ ታች ርሶ ሳለ፣ ቀስ ብለው እኩል እየተጫኑ ይውጉት። በደረቅ ጊዜ ከሞከሩት ሁሉም ቦታ ጠንካራ ስለሚሆን ያታልላል። ፌሮው ገብቶ ገብቶ ስንዝር ሳይሞላ ቀጥ ካለ፣ በርትተው ሲገፉት ደግሞ ድንገት ሸርተት ብሎ ከወረደ፣ ያ ጠንካራው ንጣፍ ነው። ማሳው ላይ አሥር ቦታ ይሞክሩ። ከዚያ ታርሶ የማያውቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ቁርቁራው ሥር ሄደው ያወዳድሩ። አንድ ሁለት የማሽላ እግር አጠገብም በዶማ ክንድ ያህል ቆፍረው ሥሩን ይዩት። ቁልቁል ወርዶ ድንገት ወደ ጎን ከታጠፈ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ መፍትሔው። ትራክተር ከመከራየትዎ በፊት በራስዎ በሬ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ማሳውን በሙሉ በጥልቅ ማረስ አያስፈልግም። ማሽላ የሚዘራው በመስመር ነው፣ በመስመርና በመስመር መሀል 75 ሳንቲሜትር ነው። ጠንካራው ንጣፍ መሰበር ያለበት ዘሩ በሚያርፍበት መስመር ሥር ብቻ ነው።

ጊዜው አዝመራው እንደተነሳ ነው። ማሽላው ተቆርጦ አገዳው ሲወጣ ከሥር ያለው አፈር ገና ትንሽ ርጥበት አለው። በሬዎቹም ያኔ አገዳ በልተው ጠግበዋል፤ የግንቦት በሬ ይህን ሥራ አይችለውም። አፈሩ ልክ መሆኑን በእጅዎ ይወቁት። ከስንዝር ጥልቀት ጭብጥ አፈር አውጥተው በመዳፍዎ ያሹት። እንደ ክር ከተጠቀለለ እርጥብ ነው፣ ይታገሱ። ከተሰባበረ ደርሷል።

ከዚያ ገመድ ወጥረው፣ ዳገቱን አግድም ይዘው፣ በየ75 ሳንቲሜትሩ አንድ ትልም ያውጡ። ትልሙ እንዳለቀ በዚያው ትልም ውስጥ ማረሻውን ይመልሱት። ሁለተኛው ጉዞ ነው ዋናው፤ ማረሻው ከመጀመሪያው ትልም ወለል ስለሚጀምር ንጣፉን ያገኘዋል። ማረሻው ጠለቅ እንዲል ሞፈርና ዕርፉ እንዴት እንደሚስተካከል ለእርስዎ አልነግርዎትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰፊ ድግር (ከማረሻው ግራና ቀኝ ያለው እንጨት) ወደ ታች አያስገባም፣ ጠበብ ያለውን ይግጠሙ። ጎረቤት ሁለተኛ ጥማድ በሬ ይዞ ከኋላ ቢከተልዎ ደግሞ ሥራው ይቀላል።

«ድካሙስ?» ይሉኝ ይሆናል። እናስላው። አንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 50 ሜትር በ50 ሜትር ይሁን። በየ75 ሳንቲሜትሩ 66 ትልም ይወጣል፣ ወደ 3.3 ኪሎሜትር ነው። ደርበው ሲያርሱት 6.6 ይሆናል። ያንኑ መሬት በተለመደው መንገድ ትልሙን በየ25 ሳንቲሜትሩ እያጠጋጉ አንዴ ቢያርሱት 10 ኪሎሜትር ይሄዳሉ። አካሄዱ ያነሰ ነው፣ ጉልበቱ ግን ይከብዳል፤ በሬዎቹን ጠዋት ጠዋት ብቻ ይጥመዱ።

የትልሞቹን ጫፍ በችካል ምልክት ያድርጉበት። ዝናቡ ሲገባ በእነዚያው መስመሮች ላይ ይዝሩ፣ ፍግ ካለዎትም ማሳው ላይ ከመበተን እዚያው ትልሙ ውስጥ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ መስቀለኛ እንዳያርሱ አደራ፣ የለፉበትን መስመር ያጠፋዋል። አረሙን ሽልሻሎ፣ በቆመው ማሽላ መስመሮች መሀል በማረሻ ማለፉ፣ ያወጣልዎታል። በልግ ከጣለም ከብት ወደዚያ ማሳ አያስገቡ፤ አገዳውን ተሸክሞ ማብላት ይሻላል። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ጥማድ ላይ ብቻ ይሞክሩትና ሌላውን እንደ ወትሮው ያድርጉት፤ ልዩነቱን ማሽላው ራሱ ይነግርዎታል።

ሌላው ርካሽ ነገር ሱፍ ነው። ሥሩ ቀጥ ብሎ ሩቅ ይወርዳል። ማሽላን በማሽላ ላይ ከመደጋገም አንድ ዓመት ሱፍ ቢያስገቡ በሬው ያልደረሰበትን እሱ ይቦረቡርልዎታል።

ትራክተሩን የግድ ካላችሁ ዲስክ አይሁን። ዲስክ አፈር ይገለብጣል፣ ከሥሩ ግን የራሱን ንጣፍ ይተዋል፤ የካቻምናው ጥሩ ምርት አንድ ዓመት ብቻ የቆየው ለዚህ ይመስለኛል። የምትፈልጉት ረጅም ጥፍር ያለውን ሰብሶይለር ነው። ጥፍሩ ከንጣፉ 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ካለ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ነዳጅ ማቃጠል ነው። በደረቅ አፈር፣ በጥር በየካቲት ይሁን። ለአንድ ጥፍር ቢያንስ 30 የፈረስ ጉልበት ስለሚያስፈልግ ትንሽ ትራክተር አምጥቶ «እችላለሁ» የሚለውን አትስሙ። ጥቂት ሜትር እንደሄደ አስቁሙትና ቆፍራችሁ እዩ። አፈሩ ተነስቶ ዙሪያውን ከተሰነጣጠቀ ይቀጥል። ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቦይ ብቻ ካወጣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ወደ ቤቱ ይሂድ። ከዚያ በኋላም ጎማ ማሳው ላይ አይመላለስ፤ አብዛኛውን መታመቅ የሚያመጣው የመጀመሪያው የጎማ ጉዞ ነው።

ይህ ምክር ለጃማና ለወረኢሉ መረሬ፣ ለጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ አይደለም። መረሬ በበጋ ራሱ ይሰነጠቃል፤ የእሱ ችግር ውሃ ማጠንፈፍ ስለሆነ በሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

አሁን ቆሞ ላለው ማሽላ ዩሪያ መጨመሩን ያቁሙ። ውሃ ያፈነው ሥር አይስበውም፣ ከፊሉም ተንኖ ይሄዳል። ሽልሻሎውን አውጥተው ቦዩን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ይገድቡት፣ ቀጣዩ ዝናብ ታጥቦ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ቀስ እያለ ይሰርጋል። ልጅዎ ደግሞ ፌሮው ስንት ጣት ላይ እንደቆመ፣ እርከኑ ጋ ያለውንም ለብቻው ለክቶ ይጻፍልኝ።