መልስ፦ ጸበል እየተጠመቁ የድብርት መድኃኒት ስለ መውሰድ

ጸበል እየተጠመቁና እየጾሙ የድብርት ኪኒን መዋጥዎ እምነት ማጉደል እንደ ሆነ ጠይቀውኛል። ኪኒኑን አያቋርጡ፤ ጸበሉንም አይተዉ። «ጸበል ከጀመርሽ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» ያሉዎት ሰዎች ይህን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አላመጡትም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እግዚአብሔር ከምድር ያወጣውንም መድኃኒት እንዳንንቅ ይመክራል፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ አሳስበዋል።

ስለ ጾሙ፦ ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ፣ ሰዓቱን ከጾም መፍቻ በኋላ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ካልተቻለ ለንስሐ አባትዎ ያስረዱ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ አልገሠጸውም።

ካየሁት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሻለው ነው። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከዚያ «ድኛለሁ» ብሎ በድንገት ሲያቆም ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊከተል ይችላል፤ አጠገቡ ያለውም (መቼም አያጣም) «መንፈሱ ተነሣበት» ይላል። ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ነግረው ወደ ሐኪም ይሂዱ።