ለመኪና መቀመጫ ክር መሥራት ለምትፈልገው እህቴ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመርቀሽ አሁን ጀርመን ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። በእጅሽ ሁለት ዕድል አለ። አንዱ ከበቆሎ በሚሠራ ፕላስቲክ ለመኪና መቀመጫ የሚሆን አዲስ ፋይበር ለማውጣት የተከፈተ የዶክትሬት ቦታ ነው፤ ሌላው ለመኪና ጨርቅ ሸማኞች የፖሊስተር ክር በሚያቀርብ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ሂደት መሐንዲስነት። አባትሽ «ዶክተር» ስትባዪ መስማት ይፈልጋሉ። ቨርጂኒያ ያሉት አጎትሽ ሁለቱንም ትተሽ የሶፍትዌር ቴስቲንግ ኮርስ እንድትወስጂ ይጎተጉቱሻል። እንቅልፍ የነሳሽ ግን የራስሽ ጥያቄ ነው፦ «ሙያው በጣም ጠባብ ነው፤ ባዮ ፕላስቲኩ ነገ ገበያ ቢያጣ እኔስ ምን እሆናለሁ?»

ፍርሃትሽ መሠረት አለው። ቶዮታ ራውም በተባለች መኪናው የወለል ምንጣፍ ላይ ፖሊላክቲክ አሲድን፣ ያንኑ ከበቆሎ የሚሠራ ፕላስቲክ፣ የተጠቀመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ማዝዳ ቴይጂን ከተባለው የጃፓን ፋይበር አምራች ጋር ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት የተሠራ የመቀመጫ ጨርቅ ያሳየው ደግሞ በ2007 ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎም ብዙው ሰው የሚቀመጠው ከነዳጅ በተሠራ ፖሊስተር ላይ ነው። ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ፖሊላክቲክ አሲድ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ በቀላሉ ከ70 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ የፕላስቲኩ ረጅም የሞለኪዩል ሰንሰለት ይቆራረጣል። እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑትን ሁለት ዓይነቶቹን ቀላቅሎ የመቅለጫውን ሙቀት ከ170 ገደማ ወደ 220 ማድረስ እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል፤ ነገር ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የሚቻል ነገር ሁሉ በፋብሪካ ዋጋ አይቻልም።

በሌላ በኩል ሌክሰስ ሲቲ 200ኤች በ2011 የዕቃ መጫኛው ሽፋን ላይ ያገባውን ባዮ ፖሊስተር ተመልከቺ። ወደ 30 በመቶ የሚሆነው ከሸንኮራ አገዳ የመጣ ነው። ሞለኪዩሉ ግን ከነዳጅ ከሚሠራው ፖሊስተር ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ በነባሩ ማሽን ይፈተላል፣ በነባሩ ቀለም ይነከራል፣ ፈተናውንም እንደ ወንድሙ ያልፋል። 37 በመቶው ከበቆሎ ስኳር የሚገኘው ሶሮና የተባለው ፋይበርም የሚፈተለው እንደ ፖሊስተር ቀልጦ ነው። ቀልጦ የሚፈተል ክር ምን እንደሚፈልግ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሐንዲስ ጥሬ ዕቃው ከአገዳም መጣ ከነዳጅ ሥራ አያጣም።

ይህ ዕውቀት የሚገኘው ፋብሪካው ወለል ላይ ነው። እኔ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ጀምሬ ወደ ጥራት ላቦራቶሪ የገባሁ ሰው ነኝና ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እርጥበቱ በደንብ ያልወጣለት የፕላስቲክ እንክብል ማቅለጫው ውስጥ ሲገባ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጣጠሳል። ከስፒነሬቱ፣ ቅልጡ ክር ሆኖ ከሚወጣበት ባለ ቀዳዳ ሳህን፣ ሥር ክሩ ይንጠባጠባል፣ ይቆረጣል፤ ሠራተኛው የስፒነሬቱን ገጽ በናስ መፋቂያ ጠርጎ ክሩን እንደገና ወደ መጠቅለያው ይመልሳል። ቀጥሎ የፈተናው ክፍል አለ፤ የማርቲንዴል ማሽን ጨርቁን ሺህ ጊዜ እየደጋገመ ይፈገፍገዋል፣ በጋለ ሳጥን ውስጥ ብርሃን ይመታዋል። በአሜሪካ መመዘኛ ደግሞ እሳት ሲነካው በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ መንደድ የለበትም። አዲስ ፋይበር የሚወድቀው እዚህ ነው። ለምን እንደወደቀ መናገር የሚችል ሰው በየስብሰባው ይፈለጋል። የደኅንነት ቀበቶ ክርም፣ ምንጣፍም፣ እንደገና የተቀለጠ ፖሊስተርም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 ባቀረበው ረቂቅ ለአዲስ መኪና ከሚውለው ፕላስቲክ 25 በመቶው እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ እንዲሆን ጠይቋል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ እየሰፋ እንደሚሄድ ነው የማምነው።

ስለዚህ ምክሬ ፋብሪካው ነው። ዶክትሬቱን ኋላ መያዝ ትችያለሽ፤ ያኔ የትኛው ጥያቄ ሦስት አራት ዓመት እንደሚገባው ራስሽ ታውቂያለሽ።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ማዕረጉን የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው፤ ዓመታቱን የምትከፍዪው ግን አንቺ ነሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ «ዶክትሬቱን እወደዋለሁ» የሚል አንድ መስመር እንኳ ፈልጌ አጣሁ። በክብር፣ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ ንገሪያቸው፤ ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። ለወንድምሽ መኪና መግዣ በየወሩ ላኪ መባልሽንም እስከ መጀመሪያው ደመወዝሽ ድረስ አትቀበዪ። ተበድረሽ መላክ እርዳታ አይደለም። አጎትሽ ለአንቺ አስበው ነው፤ ነገር ግን ስድስት ዓመት የለፋሽበትን ሙያ በጥቂት ወር ኮርስ መለወጥ ኪሳራ ነው።

«አገሬ ብመለስስ?» ላልሽው፣ የእኛ ክር ፋብሪካዎች በአብዛኛው ጥጥ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ነገ ተመልሰሽ ይህንኑ ሥራ አታገኚም። ሆኖም በየአጥሩ የሚበቅለው ጉሎ ዘይቱ ፖሊአሚድ 11 የተባለው ናይለን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። አንድ ቀን በዚህ ላይ ልሥራ ብትዪ የማቅለጫና የፈተና ልምድ ይዘሽ ብትመጪ ይሻላል።

ቪዛው አያስጨንቅሽ፤ ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ ለመፈለግ 18 ወር ይፈቀድልሻል። ጀርመንኛሽን ግን አሁኑኑ አጠናክሪ፤ ማታ ፈረቃ ላይ እንግሊዝኛ ብዙም አይረዳሽም።

ከመፈረምሽ በፊት ለፋብሪካው ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ውሉ ቋሚ ነው ወይስ በጊዜ የተገደበ? የራሳቸው የፈተና ላቦራቶሪ አላቸው? በመጀመሪያው ዓመት ለተወሰኑ ወራት በላቦራቶሪው እንድሠራ ታደርጋላችሁ? ለሦስተኛው «አይሆንም» ካሉሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ምክሬ ሊለወጥ ይችላል።