ጎንደር በእግር፦ ሽቅቡ ለማን፣ ቁልቁሉ ለማን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ዱባይ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ለእረፍት ስመጣ እናቴን ጎንደር ልወስዳት አስቤያለሁ፤ ሁለት ሙሉ ቀን አለን። እሷ ልጅ ሆና አንዴ ለጥምቀት ሄዳለች፣ እኔ ግን ከቴሌቪዥን በቀር አይቼው አላውቅም። ከተማውን ከመኪና መስኮት ሳይሆን በእግሬ ማየት ነው የምፈልገው። ችግሩ እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። እኔ ደግሞ ባለፈው አዲስ አበባ መጥቼ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ያዋጣናል? ከየት እንጀምር?
የጉልበተኛዋ ልጅ፣ ከዱባይ

መልስ፦ የጉልበተኛዋ ልጅ፣ ስምሽን ወድጄዋለሁ። ያዋጣችኋል። ግን የአንቺና የእናትሽ ችግር ተቃራኒ መሆኑን ልብ በይ። አንቺን የሚጥልሽ ሽቅቡ ነው፣ እሷን ደግሞ ቁልቁሉ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አንቺ ከባሕር ዳርቻ ነው የምትመጪው። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ዱባይ ከለመድሽው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ስለዚህ ማለክለክሽ ስንፍና አይደለም፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይለቅሻል። የከፍታ ሕመም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ እሱን አትፍሪ። ውሃ ጠጪ፣ ኮፍያ አድርጊ። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የሚያቃጥል አይመስልም፣ ማታ መስታወት ስታዪ ነው የሚገባሽ።

የእናትሽ ጉልበት ግን ከፍታ አያውቅም። የታመመ ጉልበት የሚሰቃየው ስትወርድ ነው፣ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ። ስለዚህ እሷ ሽቅቡን ከዘራዋን ይዛ ቀስ እያለች ትውጣ፣ ቁልቁሉን በባጃጅ። አንቺ ደግሞ ሽቅቡን በባጃጅ፣ ቁልቁሉን በእግር። አብራችሁ ስትሆኑ የሚያስማማችሁ ሜዳው ነው፣ ጎንደር ውስጥ ሜዳ ካገኛችሁ!

የከተማው አቀማመጥ ከገባሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። አሮጌው ጎንደር የተቀመጠው በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ሸንተረር ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ሸንተረሩን ይዘሽ እስከሄድሽ ድረስ መንገዱ ለስላሳ ነው። ወደ ጎን ስትታጠፊ ግን ወይ አንገረብ ወይ ቀሃ ቁልቁል ይጎትትሻል፣ የወረድሽውን ደግሞ መመለስ አለ።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ከጃንተከል ዋርካ ጀምሩ። የነገሥታቱ የግንብ ግቢ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ዙሪያውን ያጠረው ግንብ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ውስጡ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ በሩጫ አይታይም፤ ሦስት ሰዓት ስጡት። እኔ የምመክርሽ በዕድሜ ቅደም ተከተል እንድትሄዱ ነው። መጀመሪያ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ሲቆረቁሩ የጀመሩት፣ ቀጥሎ የልጃቸው የአፄ ዮሐንስ፣ ከዚያ የልጅ ልጃቸው የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ እያለ እስከ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ይደርሳል። አባቴ በሠራው ቤት ልኑር ያለ የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም የየራሱን አቁሟል። (የኛ ሰው የቤት ፍቅር ዛሬ የመጣ አይደለም።) አንድ መቶ ዓመት ያህል ታሪክ በጥቂት መቶ እርምጃ ታቋርጫለሽ።

የፋሲል ግንብ ደረጃ ለእናትሽ አይሆንም፣ እሷ ሣሩ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ትረፍ። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ጋ ግን አብራችሁ ቁጭ በሉ። ጣሪያ የለውም። አንዴ የምድር መንቀጥቀጥ መታው፣ ኋላ ደግሞ ጣሊያን ግቢውን የጦር ማዘዣ አድርጎት ስለነበር እንግሊዞች በአውሮፕላን ደበደቡት፤ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። አስጎብኚውን የበሮቹንም ስም ጠይቁት። አሥራ ሁለት ናቸው፤ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር፣ ባልደራስ በር... ማን በየት ይገባ እንደነበር ስሙ ራሱ ያወራል።

ከዚያ ፒያሳ ወጥታችሁ ማኪያቶ ጠጡ። ሕንፃዎቹ የጣሊያን ዘመን ናቸው፣ ማዕዘናቸው ክብ ክብ ያለ። እኔ ብዙም አይገርሙኝም፣ ቁጭ ብሎ መንገደኛ ማየት ነው ደስ የሚለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ከግንቡ በዝግታ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ እናትሽ ከደከማት ባጃጅ ሞልቷል። ጫማ ስለሚወልቅ ማሰሪያው የበዛ ቡት አታድርጊ፣ ነጠላችሁን ያዙ፣ ፍላሽ ያለው ፎቶ አይፈቀድም። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ቆማችሁ አትቁጠሩ፣ አንገት ይሰበራል፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ። የሱዳኑ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ፣ ይሄኛው ተረፈ። ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይባላል። እናትሽ ይሄን ታሪክ ከኔ በተሻለ የምትነግርሽ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቀን የምዕራቡ ነው፤ ፋሲል መዋኛና ቁስቋም። ቁስቋም ምንትዋብ ከዋናው ግቢ ርቀው ያሠሩት ነው፣ የራሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም እዚያው በመስታወት ሣጥን አለ። አቀበቱን ግን አትናቂው። አንዴ በቀትር ውሃ ሳልይዝ ወጣሁና ድንጋይ ላይ ዘርፈጥ ብዬ ትንፋሽ ስለቅም፣ አኩፋዳ የያዘ የቆሎ ተማሪ በባዶ እግሩ ሽው ብሎ አለፈኝና ዞር ብሎ «አይዞዎት» አለኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል። ሁለታችሁም በባጃጅ ውጡና አንቺ ብቻ በእግርሽ እስከ መዋኛው ውረጂ፣ እናትሽ ቀድማ ትጠብቅሽ።

የመንገዱን ደኅንነት ከመነሳትሽ በፊት ጎንደር ያለ ሰው ጠይቂ። እግረ መንገዴን የስሜን ተራሮችንም ልይ ካልሽ ደግሞ በመጨረሻ አድርጊው፤ ደባርቅ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነውና ሳንባሽ መጀመሪያ ጎንደርን ይልመድ።

ጥያቄ፦ ባለፈው መጋቢት ጎንደር ሄጄ ፋሲል መዋኛ ጠብታ ውሃ የለውም። ሙልት ያለው ፎቶ ከየት ነው የመጣው? ተሸወድኩ እንዴ?
ደረቁን ያየ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አልተሸወድክም፣ ወሩን ነው የሳትከው። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት፣ ለጥር 11 ነው፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ ይመጣል። ያየኸው ፎቶ የዚያን ሰሞን ነው። ግን እኔን ከጠየቅከኝ ለእግረኛ ደረቁ ይሻላል። በጥምቀት ሰው እንጂ ግንብ አይታይም። በሌላው ጊዜ የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ እባብ ተጠምጥሞ እንዴት እንደያዘው ተረጋግተህ ታያለህ፣ እኔ እዚያ ጋ አንድ ሰዓት ፈጅቼ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ወላጆቼ ከወለቃ ናቸው። ከፒያሳ በእግር ብሄድ ይከብዳል?
የወለቃ ልጅ፣ ከአሽዶድ

መልስ፦ ርቀቱ አይከብድም፣ ከከተማው በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ግን መንገዱ የደባርቅ አስፋልት ነው፤ አይሱዙው ሲያልፍ አቧራውን ያለብስሃል፣ ጥላም የለውም። በባጃጅ ሂድና መንደሩ ውስጥ በእግርህ ዙር። ምኩራቡ አለ፣ የሸክላ ሥራም ይሸጣል። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ስለሄዱ ሸክላውን ዛሬ የሚሠሩት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው፣ ዘመድ አገኛለሁ ብለህ ብቻ እንዳትሄድ። ይልቅ ወላጆችህን ቀድመህ ቤታቸው በየት በኩል እንደነበር፣ ከየትኛው ምንጭ ይቀዱ እንደነበር ጠይቃቸውና ጽፈህ ያዝ። ሽማግሌ ስታገኝ ያንን አንብብለት።