መልስ፦ ቡና መሸጫ ድረ ገጽሽ ላይ ክፍያ ለማስገባት

እህቴ፣ የተቆላ ቡና የምትሸጪበት ገጽ ላይ ደንበኛ እዚያው እንዲከፍል ምን ላድርግ ብለሽ ነበር። እዚሁ ጅማ በርጩማ ለሚሸጡ ልጆች ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ፔይፓልና ስትራይፕን ተያቸው፤ እዚህ ላለ ነጋዴ ገንዘብ መቀበያ አይሆኑም። እንደ ቻፓ ካለ የክፍያ አገናኝ ድርጅት (የደንበኛውን ክፍያ ተቀብሎ ለአንቺ የሚያስተላልፍ) ጋር ከተዋዋልሽ ግን ቴሌብርም ሲቢኢ ብርም በአንድ ጊዜ ይገቡልሻል። ንግድ ፈቃድሽንና የቲን ቁጥርሽን አዘጋጂ። ገጽሽ በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ) ላይ በዉኮሜርስ (የዎርድፕረስ መሸጫ መሣሪያ) ከተሠራ የቻፓ ፕለጊን፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ፣ ስላለ ብዙ ኮድ አያስፈልግሽም።

አደራ የምልሽ ማረጋገጫው ላይ ነው። ልጆቹ ገጹ ከመሠራቱ በፊት አንድ ማታ የ1,850 ብር ስክሪንሾት አይተው ሁለት በርጩማ አውቶቡስ ላይ ጫኑ፤ ጠዋት ሒሳባቸው ላይ አምስት ሳንቲም አልገባም። ስለዚህ «ተከፍሏል» የሚል ገጽ ወይም ፎቶ አትመኚ። ሰርቨርሽ (ገጽሽ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ራሱ በግብይት ቁጥሩ የክፍያ አገናኝ ድርጅቱን ገንዘቡ መከፈሉን ይጠይቅ፤ መጠኑም ከትዕዛዙ ጋር እኩል መሆኑን ያመሳክር፤ ቡናው የሚታሸገው ከዚያ በኋላ ነው።

ድርጅቱ የሚሰጥሽን ሚስጥራዊ ቁልፍ (ገጽሽ ከእነሱ ጋር የሚገናኝበት እንደ ይለፍ ቃል ያለ ኮድ) ደግሞ ሰርቨር ላይ ብቻ አስቀምጪ፤ በብራውዘር በሚታይ ኮድ ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ። መጀመሪያ እውነተኛ ገንዘብ በማያንቀሳቅሰው የመሞከሪያ ቁልፍ ሞክሪው፣ ከዚያ በራስሽ ስልክ 10 ብር ክፈይ። ስህተት ካሳየሽ ጽሑፉን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።