ለጭንቀት የሚበላ ነገር ከመፈለግዎ በፊት ሰዓቱን ያስተካክሉ

ሰላም ጠያቂያችን። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን ላሳጥረው። ሥራዎ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው። ቁርስ አይበሉም፤ በቀን አምስት ስድስት ኩባያ ቡና ይጠጣሉ፤ የመጨረሻውን የሚጠጡት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ማታ ከበድ ያለ ምግብ ይበላሉ፤ እንቅልፍ እንዲወስድዎ ብለውም አልኮል ይጠጣሉ። ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ከሰዓት በኋላ ልብዎ ይመታል፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣሉ። የጠየቁት ደግሞ ጭንቀት የሚቀንሰው ምግብ የቱ እንደሆነና ማግኒዚየም የሚባለውን ማዕድን በእንክብል መግዛት ይጠቅም እንደሆነ ነው።

ለብቻው ጭንቀት የሚያስወግድ ምግብ የለም፤ ማግኒዚየሙንም ለጊዜው ይተዉት። ምን እንደሚበሉ ከመጠየቅዎ በፊት መቼ እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚጠጡና መቼ እንደሚነሡ መስተካከል አለበት። ምግብ የሥራ ጫናን ወይም ዕዳን አያነሣም። ነገር ግን የጻፉት ውሎ በእውነተኛው ጭንቀት ላይ ሰውነት የሚፈጥረውን ሌላ ጭንቀት እየጨመረበት ነው። እሱን መቀነስ ግን በእጅዎ ነው።

ሰው ሲጨነቅ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ፦ አድሬናሊን በሴኮንዶች፣ ኮርቲሶል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ። ልብ የሚያስመታው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚያልበው በተለይ አድሬናሊን ነው። ይኸው አድሬናሊን የሚለቀቀው ግን አለቃ ሲቆጣ ብቻ አይደለም። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካፌይን ሲበዛም፣ የደም ስኳር ሲወርድም ይለቀቃል፤ እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ሰውነት በትንሹ ይደነብራል። ስሜቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከየት እንደመጣ መለየት ይከብዳል። ልብ ሲመታ አእምሮ ምክንያት ይፈልጋል፤ ያኔ ተራ የሥራ መልእክት ዛቻ መስሎ ይነበባል።

ከካፌይን ልጀምር። አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ቀኑን ሙሉ አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ድካም እንዲሰማን ያደርጋል። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይይዝና ድካሙ እንዳይሰማ ይከልለዋል እንጂ አያጠፋውም። በጤናማ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ መጠኑ በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ከጠጡት ግማሽ ያህሉ ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ከርስዎ ጋር ነው። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ቡና 95 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ ስለዚህ ኩባያዎ ይህን የሚያክል ከሆነ አምስት ስድስቱ ከ475 እስከ 570 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ለጤናማ አዋቂ የሚመከረው ጣሪያ በቀን 400፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 200 ሚሊ ግራም ነው። ሻይ፣ ኮላ፣ የኃይል መጠጥና አንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖችም አብረው ይቆጠራሉ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካፌይኑ እጥፍ ለሚሆን ጊዜ ሰውነቷ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ነው። ካፌይን በድንገት ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድብርትና ንዴት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይብስና እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሰውየው «ያለ ቡናማ ጭንቀቴ ባሰ» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት መጠኑን አይንኩ፤ ሰዓቱን ብቻ ቀደም ያድርጉ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም ካፌይን አይጠጡ። ከዚያ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ኩባያ እየቀነሱ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይውረዱ። የመጀመሪያውን ኩባያ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ይጠጡት።

ቁርስ አለመብላት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጤናማ ጉበት ጠዋት የደም ስኳርን ይጠብቃል። የርስዎ ችግር ከባዶ ሆድ ጋር ብዙ ቡና መኖሩ፣ ከዚያም ረሃቡ ሲበረታ ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ነገር ለብቻው መበላቱ ነው (ይህን ባይጽፉትም በእንዲህ ያለ ውሎ ላይ የተለመደ ነው)። ለብቻው የተበላ ጣፋጭ የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣዋል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቶሎ ይጥለዋል። መንቀጥቀጡና ብስጭቱ ያኔ ይመጣል። የመጀመሪያውን ምግብ በተነሡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይብሉ፤ ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ይኑረው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወይም ባቄላ ደግሞ ከ13 እስከ 18 ግራም ይሰጣል። ከምግብ እስከ ምግብ ከአምስት ሰዓት በላይ አይቆዩ። ጣፋጭ ካማረዎ ምሳ ላይ፣ ምግቡን ከጨረሱ በኋላ ይብሉት።

የማታውን ምግብ ሲሶ ያህል ወደ ምሳ ያዙሩት፤ ከመተኛትዎ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለውም ይጨርሱ። ሆድ ሞልቶ መተኛት ቃር ያመጣል፣ እንቅልፍም ይቆራርጣል።

አልኮሉ ሌሊት ለመንቃትዎ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። መጀመሪያ ላይ ያስተኛል፤ ከሰውነት እየወጣ ሲሄድ ግን ሁለተኛውን የሌሊት ክፍል ይበጣጥሰዋል፣ ልብንም ያፈጥናል። ለሁለት ሳምንት ቢተዉት ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል። አንድ ከባድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ካቆመ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊያጋጥመው ይችላል። እንዲህ ከሆነ የማቆሙ ሥራ ከሐኪም ጋር ይሁን።

እንቅልፍን በተመለከተ የሚሠራው ምክር ለብዙዎች እንግዳ ነው። ቀደም ብለው ለመተኛት አይታገሉ፤ የመነሻ ሰዓትዎን ግን በእረፍት ቀንም ጭምር አንድ ያድርጉት። እንደተነሡ ወደ ብርሃን ይውጡ። ሌሊት ነቅተው 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ ከአልጋው ይነሡ፣ በደብዛዛ ብርሃን የማያነቃቃ ነገር ይሥሩ፣ እንቅልፉ ሲመጣ ይመለሱ። ሰዓት አይመልከቱ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል።

እንቅስቃሴ፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ከምግብ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ ቀላሉ መንገድ ነው፤ የደም ስኳርንም ከፍ ዝቅ እንዳይል ይረዳል። ልብዎ በሚመታበት ሰዓት ደግሞ በ4 ሴኮንድ አስገብተው በ6 ሴኮንድ እያስወጡ ለ5 ደቂቃ ይተንፍሱ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፤ የልብ ምትን ለማርገብ ይህ ይበቃል።

ስለ ማግኒዚየም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ310 እስከ 420 ሚሊ ግራም ነው፤ ለውዝ፣ የዱባ ፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ያልተፈተገ እህል በየቀኑ የሚበላ ሰው ብዙውን ከዚያ ያገኛል። እንክብሉ ለጭንቀት ይሠራል የሚለው ማስረጃ ደካማ ነው። ብዙ ሲወሰድ ያስቀምጣል፣ ኩላሊቱ የደከመን ሰው ይጎዳል፣ የታይሮይድ መድኃኒትና የአንዳንድ አንቲባዮቲኮች ሥራንም ያዳክማል። ገንዘቡን ለጥራጥሬና ለአትክልት ቢያውሉት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ካለባቸው 67 ሰዎች የግማሽ ያህሉን መላ አመጋገብ ለ12 ሳምንት አስተካክሎ ነበር፤ አመጋገባቸውን ከቀየሩት 32 በመቶ፣ ማኅበራዊ ድጋፍ ብቻ ካገኙት ደግሞ 8 በመቶ ከሕመሙ ወጡ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሕመሙም ከተራ ጭንቀት ይለያል። ሆኖም የተቀየረው ሙሉ ገበታው እንጂ አንድ ንጥረ ነገር እንዳልነበር ልብ ይበሉ።

እባክዎ ሁሉንም በአንድ ሰኞ አይጀምሩ። መጀመሪያ የካፌይኑን ሰዓትና የመነሻ ሰዓቱን፣ በሁለተኛው ሳምንት ቁርሱንና አልኮሉን። ክብደት የመቀነስ ዕቅድ ካለዎትም ለኋላ ያቆዩት፤ ጥብቅ የምግብ ቅነሳ ራሱ ሰውነትን ያስጨንቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሐኪም ጋ መሄድን የሚጠይቁ ምልክቶች አሉ። ደረት የሚጨመድድ ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ብቻዎን አይሁኑ። ያለ ምክንያት ክብደት እየቀነሰ ወይም ቁጭ ባሉበትም ልብ እየመታ ከሆነ የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ያስደርጉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መንቀጥቀጡ ሲመጣ ይለኩ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ጭንቀት ብለው አይለፉት፣ ወዲያው ስኳር ይውሰዱ።

ለ14 ቀን አራት ነገሮችን ብቻ ይመዝግቡ፦ የተነሡበትን ሰዓት፣ የመጨረሻውን ካፌይን ሰዓት፣ የመጀመሪያውን ምግብ ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የነበረውን ጭንቀት ከ0 እስከ 10። ሲመለሱ ዕድሜዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ጨምረው ይጻፉልን፤ ቀጥሎ ምን እንደሚነካ ከዚያ ላይ እናያለን።