የሴፍቲኔት ጥያቄ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ስምሽን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

"ሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ሁለት ልጅ አሳድጋለሁ፤ ቀበሌያችን ለሴፍቲኔት ሊመዘግብ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ምን ላዘጋጅ?" ያልሽው የሆጤዋ እህቴ፣ አብሽሪ። ሴፍቲኔት ማለት ችግረኛ የከተማ ሰው እንደ መንገድ ጠረጋ ያለ የሰፈር ሥራ እየሠራ የሚከፈልበት ድጋፍ ነው። እኔም እዚሁ ደሴ ስምንት ዓመት የሰው ልብስ አጥቤያለሁ። ከላይ "በዘመድ ነው" እያሉ የሚጽፉልሽን አትስሚ። እኔ ዘመድ የለኝም፤ ገብቼ ጨርሼ ወጥቻለሁ።

1ኛ. ለሰፈርሽ ሰው ቀድመሽ ንገሪ። ችግረኛውን የሚለየው የሰፈር ኮሚቴ ነው፤ እኛ አጣቢዎች ደግሞ ቀን ቤት አንገኝም። እኔን ያስታወሱኝ የቅሬያችን (የእድራችን) ሴትዮ ናቸው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስምሽ ከሌለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። በጽሑፍ አስገቢ፤ የተቀበለሽን ሰው አስፈርሚ። በቃል የነገርሻቸው ነገር በማግሥቱ የለም።

2ኛ. ስምሽ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

እኔ የገባሁት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ነው፤ ደሴም ነበረችበት። የባንክ ደብተር ስናወጣ ወረፋው በር ድረስ ነው። መታወቂያዬ ላይ የአባቴ ስም "ሙሐመድ" ነው። የባንኩ ልጅ "መሐመድ" ብሎ ጻፈው። አየሁት። ወላሂ አየሁት! "ለአንድ ፊደል ብዬ ላስቸግረው?" አልኩና ፈረምኩ። ፒያሳ ቆመሽ መሐመድ ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ሰው ይዞርልሻል፤ ማን ይለየዋል ብዬ ነው።

ሲስተሙ ለየው። ሁለት ወር ሙሉ ገና ሳይነጋ ከሸዋ በር ጀምሬ መንገድ ጠረግኩ። ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ ጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቀው የመጥረጊያው እንጨት ራሱ እጅ ያደነዝዛል። የሌሎቹ ገንዘብ ገባ፤ የኔ የለም። ባንክ ስሄድ "ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ"። ቀበሌ ስሄድ "ስህተቱ የባንኩ ነው"። አንዷማ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "በሰነድ ሌላ ሰው ነሽ" አለችኝ። ሌላ ሰው! የሥራውን ሰደርያ ለብሼ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ፊቷ ቆሜ!

ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። ገንዘቡ ኋላ ተጠራቅሞ ገባ፣ አልዋሽም። ግን ስመላለስ ሁለት ደንበኞቼ ሌላ አጣቢ ያዙ። አንዷ የስድስት ዓመት ደንበኛዬ ነበረች። "ቀረሽብን፣ ምን እናድርግ" አለች፤ አለቀ። ልጇ ሕግ የተማረች ናት፤ የሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን እንደማያቅፍ ያወቅኩት ከሷ ነው። በ2011 አዲሱ አዋጅ ሲወጣም አልገባንበትም። እና በዚያ አዋጅ የሚሟገትልሽ ስለሌለ፣ ቀን ስታባክኚ ያው ከራስሽ ጉሮሮ ነው።

3ኛ... የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ ቁጠባው። ከክፍያሽ 20 በመቶው ይቆጠባል። ሁላችንም አጉረምርመናል። ኋላ ሥልጠና ትወስጃለሽ፤ ሥራ መርጠሽ ስታቀርቢ መነሻ ገንዘብ ይሰጥሻል። ብድር አይደለም። እኔ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ ስል አሠልጣኙ "ሁሉም እንጀራ ነው የሚለው፤ በግ አሞክቺ" አለኝ። የምኖረው አንድ ክፍል ኪራይ ቤት! አልጋ ሥር ላሞክት ነው? እምቢ አልኩና ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። አንቺም የምታውቂውን ሥራ ያዢ፤ የእነሱ ወረቀት ላይ ያማረውን አትከተዪ።

በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ከተማው ሲያዝ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ አንዱ ምጣድ የለም፤ ጤፉም የለም። ያን ያጉረመረምንበትን ቁጠባ አልነካሁትም ነበር፤ እሱን አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ዛሬ ለሁለት ምግብ ቤት አቀርባለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን አታውሩኝ።

ጥያቄሽ ምን ላዘጋጅ ነበር አይደል? የነዋሪነት መታወቂያሽ ካለፈበት ነገውኑ አሳድሺ። ፋይዳ ካላወጣሽ ውጪ፤ በነፃ ነው። ስትመዘገቢ "ስክሪኑን አዙርልኝ" በይና ፊደል በፊደል አንብቢ። ወረፋው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። እናትሽ አብረውሽ ካሉና መሥራት ካልቻሉ፣ ሳይሠሩ የሚታገዙበት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ፤ እሱን ለይተሽ ጠይቂ።

ዛሬ ማታ ግን መታወቂያሽንና የባንክ ደብተርሽን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ። የፊደል ልዩነት ካገኘሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የእርማቱ ደብዳቤ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እነግርሻለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ስመላለስ በቃሌ ይዤዋለሁ።