ውስጡን ለቄስ፦ ስለ አሮጌ ትንንሽ አውሮፕላኖች ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ስጽፍ አንድ አንባቢ «አውሮፕላንስ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ «እስቲ ላኩ» ብዬ ነበር። ጎጃም ይህን ያህል አውሮፕላን የሚያስብ ሰው እንዳለው አላውቅም ነበር። እድሜዬን ግማሹን አውሮፕላን ሥር ተኝቼ ስላሳለፍኩ ደስ ብሎኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ጋሼ፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ አሮጌ ፓይፐር ከብ አገኘሁ ይላል። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሞተሩም ይነሳል። ይግዛው?»

ቀለሙን ተወው። ከብ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 ወደ 20,000 የሚጠጋ የተመረተ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥበት፣ ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን ነው። ወንድምህ የሚገዛው ከጨርቁ ሥር ያለውን የብረት ቱቦ አጽም ነው። ይህ ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዝገው ከውስጥ ነው። ጭራው ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ስለሚያርፍ፣ ቱቦው ውስጥ የገባ እርጥበት ሁሉ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። ስለዚህ ጭራው አካባቢ ያለውን የታችኛውን ቱቦ ገልጦ በወስፌ ይውጋው። አዎ፣ እናታችሁ ስፌት የምትሰፋበት ዓይነት ወስፌ፣ ብቻ ጠንከር ያለ ይሁን። ደህና ብረት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ያስገባዋል።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ወጣት ሳለሁ የምሠራበት ቦታ (ስሙ ይቅርብኝ) አለቃችን «መጀመሪያ ቀለም!» አለ። ሦስት ሳምንት ቀባን፤ አውሮፕላኑ ሙሽራ መሰለ። ከዚያ አንድ ዝምተኛ ተቆጣጣሪ መጣና ጭራው ሥር ተንበርክኮ አንዴ ወጋ አደረገው። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይሄ ነው። ያን ሁሉ ጨርቅ ከነቀለሙ ቀደን ጣልነው።

የድሮ ሠሪዎች ለዝገቱ መላ ነበራቸው፤ የጋለ የተልባ ዘይት ቱቦው ውስጥ ጨምረው፣ ሁሉን እንዲያዳርስ አገላብጠው፣ ትርፉን አፍስሰው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ዛሬም ይሠራበታል። ተልባው ከዚህ ይላክለት እንዳልል እዚያም አለ።

ሌላው ወረቀቱ ነው። አጽሙ ላይ የተመታው የፋብሪካ ሰሌዳና የጥገና መዝገቡ ከሌሉ፣ የገዛው አውሮፕላን ሳይሆን መለዋወጫ ነው።

ከዚያው ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ ሰው፦ «ማደሱ ስንት ይፈጃል?»

ከገዛህበት ዋጋ በላይ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «በያጅ ነኝ፣ 15 ዓመት ሠርቻለሁ። የአውሮፕላን ቱቦ መበየድ ያቅተኛል?»

እጅህ ላያቅተው ይችላል፤ ልማድህ ግን ይፈትንሃል። ይህ ቱቦ ብዙ ጊዜ ክሮም ሞሊ የሚባል ብረት ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። የበር ፍሬም በምንበይድበት ኤሌክትሮድ አይነካም፤ በጋዝ ወይም በአርጎን ነው የሚበየደው። ደግሞ እንደ ጋራዥ ልማድ በይደህ ውሃ ቸለስ እንዳታደርግበት! ድንገት ሲቀዘቅዝ ብየዳው ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ለዓይን አይታይም። ነፋስ የሚገባበትን በር ዝጋ፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። እና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳያየው ሳይፈርምበት አይበርም። ይህ ንቀት አይደለም፣ እኔም ያለ ሁለተኛ ዓይን ፈርሜ አላውቅም።

ከባሕር ዳር፦ «አባቴ ሸማኔ ነው። ድሮ የአውሮፕላን ክንፍ ጥጥ ይለብስ ነበር ሲባል ሰምቷል። የኛ ሸማ አይሆንም ወይ ብሎ አስጠየቀኝ።»

አባትሽ የሰሙት እውነት ነው። ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ጥጥ ነበር፤ በላዩ ዶፕ የሚባል እንደ ቫርኒሽ ያለ ነገር ይቀባል፣ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። ሸማ ግን ለዚህ ሳሳ ይላል፣ አየሩን ያሳልፋል። ዛሬ ጥጡም ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥጥ በጥቂት ዓመት ይሞታልና በፖሊስተር ተተክቷል።

ፖሊስተሩ የሚወጠረው በምን መሰለሽ? በካውያ። የልብስ ካውያ! ጨርቁ ክንፉ ላይ ይለጠፍና መጀመሪያ 120 ዲግሪ ገደማ፣ መጨረሻ ላይ 175 ገደማ በሆነ ካውያ ይተኮሳል። ያ የረገበው ሁሉ ዓይንሽ እያየ ይሰበሰባል፤ በጣት ስታንኳኪው ድም ይላል። ሙቀቱ ካለፈ ግን ጨርቁ ተመልሶ ይላላል፣ ከዚያ ወዲያ አይድንም። ስለዚህ የካውያውን ቁልፍ አትመኚ፣ በቴርሞሜትር ለኪው። ከዚያ ስፌት አለ። ጨርቁ ከክንፉ አጥንቶች ጋር በረጅም መርፌ፣ በሰም በታሸ ክር፣ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ እየተቋጠረ ይሰፋል። የፕሮፔለሩ ነፋስ የሚመታው ቦታ ላይ ስፌቱ ይጠብቃል። አባትሽ ይህን ቋጠሮ ቢያዩት በአንድ ከሰዓት ይማሩታል። እኔ ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ ያውም እየተሳቀብኝ።

ናይትሬት ዶፕ የሚባለው እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው። ከሰል ባለበት ግቢ አታስገቡት።

ከዳንግላ፦ «የመኪና ቤንዚን ይሆናል?»

ለአንዳንድ የድሮ ሞተር ይሆናል። የከቡ 65 የፈረስ ጉልበት ኮንቲኔንታል ሞተር ከዛሬው ቤንዚን ያነሰ ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት ልክ) ያለውን እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ግን ለዚያ አውሮፕላን የወጣ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጠላቱ ኢታኖል የሚባለው አልኮል ነው። የድሮውን ጎማና ማሸጊያ ይበላል፣ እኛም አገር ቤንዚን በኢታኖል የተደባለቀበት ጊዜ ነበር። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርግ፣ ልኩን በእስክሪብቶ አስምር፣ ቤንዚን ሙላበት፣ ናጠውና አስቀምጠው። ውሃው ካሰመርከው በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ ኢታኖል አለበት።

ከቢቸና፦ «መምህር ነኝ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በኛ ደጋ ይነሳል?»

ይነሳል፣ ግን እያቃሰተ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ 65ቱ ወደ 53 ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ገደማ ነው፤ እዚያ 50 እንኳ አይሞላም። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ስስ ስለሆነ መንደርደሪያው ይረዝማል። ስለዚህ በማለዳ፣ በቀላል ጭነት፣ ወይም ጠንከር ያለ ሞተር ይዞ። ጮቄን ከላይ ላየው ብለው ከሆነ ግን ይቅርብዎ፤ ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከብ ከፍ ማለት የሚችለው እስከ 3,500 ገደማ ነው። ግጦሽ መስክ ላይም ቢሆን ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ መነሳት የለም።

ከሞጣ፦ «የእህል መጋዘን አለን፣ እዚያ ቢቀመጥስ?»

አይጥ! ክንፍ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች፣ ሽንቷ አሉሚኒየም ይበላል። ማዳበሪያ ያለበትማ ጭራሽ። የፍጥነት መለኪያዋን ቱቦ ተርብ እንዳይደፍናት ሸፍኗት።

ከባሕር ዳር ተማሪዎች፦ «ፀሐይ እንደገና መብረር ትችላለች?»

በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን፣ ጣሊያን ወስዷት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። በእኔ እምነት አትብረር። ለማብረር ያረጀውን ሁሉ መቀየር ግድ ነው፤ የቀየሩት ደግሞ ያንን ዘመን ይዞ ይሄዳል። መብረሩን ለቅጂዋ ተዉላት። እናንተ ሥሯት።

ከዳንግላ፣ በድጋሚ፦ «ባትሪ ከሌለው በምን ይነሳል?»

በእጅ። ብልጭታውን የሚሰጠው ማግኔቶ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፤ ፕሮፔለሩን ስታዞረው ካንዴላው ይተኩሳል። ዓመታት የቆመ ከሆነ ግን ሳታዞረው በፊት ካንዴላዎቹን ፍታና በቀዳዳው ዘይት ጨምርበት፣ ያለዚያ ዝገቱ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል። ደግሞ አስተውል፦ ማብሪያ ማጥፊያው ማግኔቶውን የሚያጠፋው በአንዲት ሽቦ ከአካሉ ጋር አገናኝቶ ነው። ያቺ ሽቦ ከተበጠሰች «ጠፍቷል» ያልከው በርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮፔለርን ሁልጊዜ እንደ በራ ቁጠረው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ ውስጥ ፍሬን የሚይዝ ሰው አስቀምጥ። ጋቢህንም አውልቀህ ቅረብ።